የእንግዳ ጉልበት ዋጋ

በኅዳር ወር ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት የሚያሠራ ሰው ያማርራል። «ሰው ጠፋ!» ነው ወሬው ሁሉ። ስሚንቶ ገብቷል፣ አሸዋ ተገልብጧል፣ ግንበኛው ቱምቢውን አንጠልጥሎ ቆሟል፤ ባሬላ የሚይዝ ግን አይገኝም። ክረምቱን ሙሉ መንገድ ዳር ተኮልኩሎ ሥራ ሲጠብቅ የነበረው ጎረምሳ ማጭዱን ይዞ ወደ አዋበል፣ ወደ ማቻክል፣ ወደ ደጀን ወርዷል። ጤፍ ደርሷል። የደረሰ ጤፍ አንድ ያለወቅቱ የመጣ ዝናብ ቢመታው የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይተኛል። ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታት የጉልበት ዋጋ በከተማም በገጠርም ቀና ይላል፤ ሠራተኛው ይኮራል፣ አሠሪው ይለማመጣል። አውድማው ሲያልቅ ነገሩ ይገለበጣል።

እኔ የደረስኩት በኅዳር 2015 ነው፤ ያውም በአሠሪ ወገን ሆኜ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ውስጥ ጎረቤቴ የሆነ የማርቆስ ልጅ በትውልድ ከተማው ቤት ጀምሮ ነበር። ዘመድ ልጠይቅ አዲስ አበባ መግባቴን ሲሰማ «እስቲ ብቅ በልና ገንዘቡ የት እንደሚገባ እይልኝ» አለኝ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ጉለሌ ነው፤ ከአባይ ማዶ ዘመድ የለኝም። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ከሺህ ሜትር በላይ ወርደን፣ ጃፓኖች የሠሩትን ድልድይ ተሻግረን ወደ ደጀን ሽቅብ ስንያያዘው፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና «አላወቅሁትም» አሉ፤ ማወቅ የነበረባቸው ይመስል ቅር አላቸው። ያን ጊዜ የአገር ቤት ጨዋታ ነው ብዬ አለፍኩት። በኋላ ግን ይህ ጥያቄ የጉልበት ዋጋም የሚቆረጥበት መሆኑን አየሁ።

ቀን ሠራተኛ የሚያዝበት ቦታ ከመናኸሪያው ብዙም አይርቅም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች የኅዳር ጠዋት ብርዷ አጥንት ይሰብራል። ገና በ12 ሰዓት ጋቢ የደረበ፣ ቁምጣ የታጠቀ፣ ኮንጎ ጫማ ያደረገ ሰው መንገዱ ዳር ይቆማል። አካፋ ያለው አካፋውን ተደግፎ ይቆማል፤ ከሌለው ቀድሞ ይያዛልና። ሻይ የምታፈላ ሴት ከሰሏን ታራግባለች። አይሱዙ ወይም ባጃጅ ቀዝቀዝ ሲል ሁሉም ወደሱ ይተማል።

የጎረቤቴ ካቦ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሲመርጥ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ፊት አያይም፤ እግር ነው የሚያየው። ጫማው ላይ ስሚንቶ የደረቀበት ሰው ሥራ ያውቃል። ጫማው ላይ ጭቃ ብቻ ያለበት ትናንት ከገጠር የገባ ነው።

«ስንት ሰው ነው?»

«አራት። አርማታ ሙሌት ነው።»

«አርማታ ከሆነ ሁለት መቶ ሃምሳ።»

«ሁለት መቶ፤ ምሳ የራስህ።»

«ኧረ ወንድምዓለም፣ አርማታ እኮ ነው!»

ስሚንቶ የደረቀበት ሰው እንዲህ ይከራከራል። ባለ ጭቃው ዝም ይላል። ስንት እንደሚጠራ አያውቅም፤ ብዙ ብጠራ ይተዉኛል፣ ትንሽ ብጠራ ይስቁብኛል ብሎ ይፈራል። ካቦው ሦስቱን ባለ ስሚንቶ በሁለት መቶ ከተስማማ በኋላ ለአራተኛው «አንተ መቶ ሃምሳ፤ ና» አለው። ልጁ መጣ። ሥራው ላይ የተሸከመው ባሬላ የሌሎቹ ባሬላ ነበር፤ አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን ባለ ሁለት መቶው ይዘውት ሲወጡ ሲወርዱ ዋሉ።

ልጁ ከስናን ወረዳ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ የወረደ ነው። አሥራ ስምንት ሞልቶኛል ይላል፤ ለእኔ አልመሰለኝም። በምሳ ሰዓት ሒሳቡን እንዲህ አስረዳኝ። ማደሪያ ሠላሳ ብር፤ ማደሪያ ሲል ስድስት ሰው ተጋፍቶ በሚያድርበት ክፍል ውስጥ አንድ ፍራሽ ማለቱ ነው። ምሳና እራት ሽሮ ሰማንያ። ጠዋት ሻይ በዳቦ አሥራ አምስት። ከመቶ ሃምሳው ሃያ አምስት ይተርፋል፤ ሥራ የማይገኝበት ቀን ሲመጣ ያችም ትሄዳለች።

«ታዲያ ለምን መጣህ?» አልኩት።

«እዚያስ ምን አለኝ ጋሼ?» አለኝ።

መልሱ የድህነት መልስ ብቻ አይደለም፤ ታሪክ አለው። በ1989 የአማራ ክልል መሬት ሲሸነሸን ብዙ የጎጃም ገበሬ ማሳው ተቀንሶበታል። በቀድሞዎቹ መንግሥታት ሹመት የነበረው «ቢሮክራት»፣ የባላባት ወገን የተባለው «ቅሪት» ተብሎ ድርሻው ከሌላው እንዲያንስ ተደረገ፤ ገበሬው አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ አቤት ብሎ ነበር። እንዲህም ሆኖ ያን ጊዜ ቤት መሥርቶ የነበረ ሰው የሆነ ነገር ደርሶታል። ከዚያ ወዲህ የተወለደው ግን የሚጠብቀው ድልድል የለም። ከአባቱ ማሳ ላይ ከወንድሞቹ ጋር ይካፈላል፣ ካልሆነም ከአቅመ ደካማ የእኩል ያርሳል፣ ይህም ካልተገኘ ይወጣል። ከስናን የመጣው ልጅ አምስት ወንድሞች አሉት።

ቀድሞም ቢሆን ሰው ከዚህ አገር ይወጣ ነበር። የጎጃም ቅኔ ቤቶች የስንቱን አገር ልጅ ለምዱን አስለብሰው አኩፋዳውን አስይዘው ሲያኖሩ፣ የጎጃምም ልጅ እንዲሁ አገር አቋርጦ ሲማር ኖሯል። የቆሎ ተማሪ ግን ደሞዙ ባይኖርም መብቱ የታወቀ ነው፤ «ስለ እመቤቴ» ሲል ውሻ ቢያባርረውም ሰው አያባርረውም። የዛሬው ልጅ አኩፋዳ የለውም። የአዲስ አበባን ሎተሪ አዟሪዎችና ሊስትሮዎች «ከየት ነህ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ስንቱ ከዚህ እንደመጣ ትሰማላችሁ።

እኔም በሰው አገር የጀመርኩት ከዚያው ከታች ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ገባሁ፤ ስንቱ ያገሬ ሰው የጀመረበት ሥራ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የተዋወቅሁት ሰው አለቃውን አናገረልኝና ሰኞ ቲኬት እቆርጥ ጀመር። የተቀመጥኩባት ጠባብ ክፍል ግድግዳ ላይ የከተማው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽና በአማርኛ። ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ዋና ዋና ማስታወቂያዎቿን ከምትተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከዚህ በታች ሊከፍሉህ አይችሉም የሚል የመንግሥት ቃል በአማርኛ ግድግዳ ላይ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነበር። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ወረቀት አይቼ አላውቅም።

ያ ወረቀት እስከ ወንዙ ድረስ ነው የሚያገለግለው። በ2022 እ.ኤ.አ. ሐምሌ የዲሲ ዝቅተኛ ክፍያ 16 ዶላር ከ10 ሳንቲም ገባ። የፖቶማክን ድልድይ ተሻግሮ እኔ የምኖርበት ቨርጂንያ ለሚሠራው በዚያው ጊዜ ሕጉ የሚያስከብርለት 11 ዶላር ነበር። የፌዴራሉማ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ተቸንክሮ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። አባይን መሻገር ሰዓታት ይወስዳል፤ ፖቶማክን በባቡር ለመሻገር ደቂቃ ይበቃል፤ የሰው ጉልበት ግን በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሲሶው ይረግፋል።

ሕግ መኖሩና መከበሩ ደግሞ ለየቅል ነው። ከመኪና ማቆሚያው በፊት ለጥቂት ጊዜ የሠራሁበት የሐበሻ ቤት ነበር፤ ስሙ ይቆይ። ባለቤቱ በእጅ፣ ከሕጉ በታች ይከፍለኝ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። «ወንድሜ» ይለኝ ነበር፣ እራት አብልቶ ይሸኘኝ ነበር። የሥራ ፈቃድ እስኪመጣልኝ ድረስ የወንድምነቱን ዋጋ በየሰዓቱ ከኪሴ ሲቀንስ ከረመ።

የማርቆሱ ልጅ ጎረቤቴም በዚያው መንገድ ያለፈ ነው። ዲሲ ዝቅተኛው ክፍያ 15 ዶላር ይግባ ሲባል ሰልፍ ከወጡት አንዱ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ሒሳብ በቴሌግራም ስልክለት ግን በድምፅ እንዲህ መለሰልኝ፦ «ለቀን ሠራተኛ ሁለት መቶ? ኧረ በዛ! እኔ ስወጣ ሃያ ብር ነበር እኮ!»

ካቦው የሚስቱ ወንድም ሉማሜ አካባቢ ጤፍ ያሳጭድ ስለነበር አንድ ቀን ይዞኝ ሄደ። ሃያ የሚሆን ሰው በአንድ መስመር ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። ከመስመሩ መካከል አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ግጥሙ ሲሞቅ ማጭዱ ይፈጥናል። ደቦ ነው። ስለ ብር ማንም አላነሳም። ክፍያው ግን ከአዋጅ ይልቅ የጠራ ነው። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ሥጋ አይጠበቅም፤ ሽሮው ግን ወፍራም መሆን አለበት፣ ንፍሮው መድረስ አለበት፣ ጠላውማ ቀጥኖ ከመጣ ጉድ ነው። ባለቤቲቱ ገንቦውን አስይዛ ብቅ ስትል የሰዉ ዐይን ወደ ጠላው እንጂ ወደ እሷ አልነበረም። ጠላው ከቀጠነ ግጥም አውራጁ ሌላ አቤቱታ ሰሚ አያስፈልገውም፤ እዚያው መስመሩ ላይ የባለቤቱን ስም ያነሳዋል፣ አገር ይሰማል። በሚመጣው ዓመት ሲጠሩ ደግሞ ግማሹ ሰው ወገቡን ያመዋል።

ወንፈል ከዚህም ይጠብቃል። ዛሬ አንድ ቀን ሰጥቼህ ነገ አንድ ቀን ትመልስልኛለህ። ጎበዙ ይበልጣል፣ ደካማው ያንሳል የሚል ክርክር እምብዛም የለም፤ ቀን በቀን ነው። ያልመለሰ ሰው የሚከሰስበት ቦታ ባይኖርም፣ ብቻውን ማጨድ ምን እንደሚመስል በሚቀጥለው ኅዳር ያየዋል።

እኔ የጎረቤቴን ደብተር ይዤ ስለምዞር አእምሮዬ ሒሳብ ላይ ነበር። ከስናን የመጣው ልጅ እዚህ ወንፈል ቢገባ ብዬ ባለማሳውን ጠየቅሁ።

«ምን ላይ እንመልስለታለን?» አሉኝ እየሳቁ። «ማሳ የለው!»

እውነታቸውን ነው። ደቦውም ወንፈሉም ከዚህ በታች አይባልም የሚል ድንበር አላቸው፤ ድንበሩ የቆመው ግን ሁሉም የሁሉንም አባት ስለሚያውቅ ነው። እንግዳ በዚያ ድንበር ውስጥ አይገባም። ያው ሰውዬ ከደቦው የተረፈውን ማሳ የሚያሳጭዱት ከከተማ በቀን ባመጧቸው ልጆች ነበር። እነሱ የሚበሉት ራቅ ብሎ ነው፤ ጠላውም ከሌላ ጀሪካን ይቀዳላቸዋል። ቀምሼዋለሁ። ቀጭን ነው።

የማርቆስ ጎረምሳ ደህና ብር የሚባለውን የሚያየው ቆላ ሲወርድ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሰቲት ሁመራ ላይ ሰፋፊ እርሻ ሲከፈት ደገኛው ለአረምና ለአጨዳ ይጎርፍ ጀመር፤ መተማም ተከተለች። ሰሊጥ እንደ ጤፍ አይደለም፤ ጤፍ ጥቂት ይታገሣል። ሰሊጥ በደረሰ በጥቂት ቀን ውስጥ ካልታጨደ ፍሬ መያዣው ተሰንጥቆ መሬት ላይ ይራገፋል። ባለሀብቱ ይህን ያውቃል፣ ሠራተኛውም ያውቃል። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መተማ ወረዳ፣ ገንዳ ውኃ ላይ የአጨዳ ዋጋ ጠዋትና ማታ ይለያያል፤ አሠሪ መኪና ይዞ መንገድ ላይ ሠራተኛ ይሻማል፣ ደላላው ከሁለቱም ይበላል። አንድ የአዋበል ሰው ሰሊጥ አጭዶ በመጣበት ብር በሬ መግዛቱን ነገረኝ። አብሮት የወረደው የአክስቱ ልጅ ግን አልተመለሰም፤ ጎንደር ሆስፒታል ተኝቶ ነበር።

የቆላው ዋጋ ከፍ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ደገኛ ወባን የሚቋቋም ደም የለውም። ካላዛር ደግሞ አለ፦ በተሰነጠቀው ጥቁር አፈርና በግራር ዛፍ ሥር የምትራባ፣ ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ካልታከሙት የሚገድል በሽታ። ቀን ሙሉ ያጨደ ሰው ማታ የሚተኛው ደግሞ እዚያው ግራሩ ሥር ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ በሽታ የተለየ ማዕከል አለው፤ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንም አብዱራፊ ላይ ለዓመታት ሲያክም ኖሯል። በ1997 ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ ካላዛር ሲነሳ፣ በሽታው ወደ ደጋው የዘለቀው ቆላ ወርደው በተመለሱ ሠራተኞች እንደሆነ ይታመናል። ሕክምናው ለሳምንታት በየቀኑ መርፌ ነው። ያንን ሁሉ ሳምንት የሚከፍልለት አሠሪ አላየሁም፤ ከአጨዳው በኋላ የማን ሠራተኛ እንደነበረስ ማን ያውቃል?

ሴቶቹ መንገድ ዳር አይቆሙም። እንጀራ ጋገራ፣ ልብስ አጠባ፣ ሰው ቤት ነው ሥራቸው፤ የሚያገናኛቸውም ደላላ ወይም ዘመድ ነው። ቁርስ የምበላበት ቤት የምታስተናግደኝ ልጅ «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» አለችኝ። ፓስፖርቷ ወጥቷል፤ ዶሃ ያለች እህቷ ቪዛውን ትጨርስላታለች። ማርቆስ ሰው ቤት ስትሠራ ስንት ይከፈላት እንደነበር ጠየቅሁ። «እንደ ሴትዮዋ ጠባይ ነዋ» አለች።

ይህች ልጅ ያለችበት ነገር ሳስበው አሁንም ይገርመኛል። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ብሎ ወስኗል፣ የትርፍ ሰዓት ስሌት አስቀምጧል፤ የቤት ሠራተኛን ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስንላታል ብሎ አልፏታል። ካታር በበኩሏ ከመጋቢት 2013 ጀምሮ ወርሃዊው ዝቅተኛ ደመወዝ 1,000 ሪያል እንዲሆን፣ ምግብና ማደሪያ ላልቀረበለትም 300 እና 500 ሪያል እንዲጨመርለት ደንግጋለች፤ የቤት ሠራተኛም ከዚህ ውጭ አይደለችም። ወይዘሮዎቹ ይከፍላሉ ወይስ አይከፍሉም ሌላ ነገር ነው፤ ፓስፖርቷን ቀምተው በር የሚዘጉባት ብዙ እንደሆነች ሁላችንም ሰምተናል። እንደ ወረቀቱ ከሆነ ግን የማርቆስ ልጅ ለጉልበቷ መነሻ ዋጋ የምታገኘው ባሕር ተሻግራ ነው።

ወንዶቹም ቢሆኑ አዋጁ ውስጥ ስማቸው አለ እንጂ ዋጋቸው የለም። አዋጁ የወቅት ሥራንም፣ አልፎ አልፎ የሚሠራ ሥራንም ያውቃል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ይስጥ ይላል፤ ጠዋት ተይዞ ማታ የሚለቀቅ ሰው 15ኛውን ቀን የት ያየዋል? ዝቅተኛ ደመወዝንም የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ጽፏል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በየሜይ ዴይ ይህንኑ ሲጠይቅ ኖሯል። መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ ሲቆርጥ ኖሯል፤ በ2017 ወደ 4,760፣ በ2018 ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ አድርጎታል። ለግሉ አሠሪ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። ቁጥር ከተቀመጠ ባለሀብት ይሸሻል የሚሉ አሉ። ማርቆስ መንገድ ዳር ቆሜ ሳየው ይህ ክርክር ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ መሰለኝ፤ ጎረቤቴ ቤቱን ተሸክሞ ወዴት ይሸሻል?

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ጦርነቱ ጎጃምን አዳረሰ፣ ያ ያለፍኩበት መንገድም ይዘጋ ይከፈት ጀመር። በሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ተለቀቀና የዶላሩ ዋጋ እጥፍ ሆነ። የጎረቤቴ ቤት ፌሮው እንደቆመ ነው፤ ካቦውም አዲስ አበባ ገብቷል ሲሉ ሰማሁ። እዚያ ደግሞ በተራው እግሩን የሚያዩት ሰዎች አሉ።

ከኅዳሩ ያልጻፍኩት አንድ ነገር ቀርቶኛል። መንገድ ዳር ከሚቆሙት ፈንጠር ብለው አምስት ሰዎች ይቆሙ ነበር፤ ከወለጋ ግጭት ሸሽተው አባይን የተሻገሩ። አንደኛው፣ ጠና ያለው፣ እዚያ በቆሎ ሲደርስ ራሱ ቀን ሠራተኛ ይቀጥር ነበር። «የመጀመሪያውን ወር የሰጡንን እንቀበል ነበር፤ ሰማንያም መቶም» አለኝ። «ማን ያውቀናል? ልጆች ተርበዋል።» ወደ ገጠሩ አጨዳ እንዳይሄዱ ልጆቻቸውን በተከራዩት ክፍል ጥለው ማደር አይችሉም። ከዚያ አምስቱ ተነጋገሩና ከሁለት መቶ በታች ላይወጡ ተስማሙ። ብዙም አልቆየ፤ ሌሎች ተፈናቃዮች መጡና በመቶ ሃያ ይወጡ ጀመር።

«ምን እናድርጋቸው? እኛም እንደዚያው ነበርን» አለ። ያደረጉት ይህ ነው፦ አዲስ የመጣ ሰው አጠገባቸው እንዲቆም ፈቀዱ። ሥራ ሲመጣ የመጀመሪያው ተራ የሱ ነው፤ እነሱ ይቆያሉ። በምትኩ ከሁለት መቶ በታች አይወጣም።

አንድ ጠዋት ካቦው ሦስት ሰው ፈልጎ መጣ። «መቶ ሰማንያ» አለ። አምስቱም አልተነቃነቁም። አጠገባቸው የቆመ አንድ ልጅ ነበር፣ ጫማው ጭቃ ብቻ፤ የዚያን ጠና ያለ ሰው ፊት ያያል። ካቦው ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እንዳትጨምር» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «አንተ ትሄዳለህ፣ እኔ ነገም እዚሁ ነኝ።» ባጃጅ ይዘን ዞርን። ሌላ ቦታ ሁለት ሰው በመቶ ሰማንያ ተገኘ። ሦስተኛው ጠፋ፤ ጤፉ ወስዶታል። ሦስት ሰዓት ላይ፣ አሸዋና ጠጠሩ ተደባልቆ ውኃው ሊገባበት ሲል፣ ተመልሰን መጣን።

«ሁለት መቶ። አንድ ሰው።»

አምስቱ ልጁን አመለከቱ። ካቦው እግሩን አየ። «ይሄ ሥራ አያውቅም፤ አንተ ና» አለው ጠና ላለው።

«ተራው የሱ ነው።»

ካቦው ሰዓቱን አየና ልጁን ባጃጁ ላይ አወጣው። ማታ ደብተሬ ላይ እንደዋለው ጻፍኩ፦ ሁለት ሰው በመቶ ሰማንያ፣ አንድ ሰው በሁለት መቶ። ጎረቤቴ እንደማይወድ ስለማውቅ ከሁለት መቶው ጎን «ከወለጋ፣ አዲስ ገቢ» የሚል ማብራሪያ አከልኩና ላክሁለት።

በማግሥቱ መልስ መጣ፦ «አዲስ ገቢ ከሆነ ለምን ይበልጣል?»